በቤት ውስጥ ስለሚደርስ ጥቃቅን ችግርና ስለ ምስጋና

የኢትዮጵያ ሰው ከባልንጀራው ጋራ በተገናኘ ጊዜ «እንደምን አደሩ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተጠየቀውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። ሙስሊሙም እንዲሁ «አልሐምዱ ሊላህ» ይላል። ደኅና ቢያድርም፥ ራሱን ሲያመው ቢያድርም፥ ሕፃን ሲያለቅስበት እንቅልፍ ቢያጣም፥ የመልሱ መጀመሪያ ምስጋና ነው። ይህ ከአባቶች የወረደ መልካም ልማድ ነው፤ ሰው ስለ ራሱ ከመናገሩ በፊት ስለ ፈጣሪው እንዲናገር ያስተምራልና።

ዳሩ ግን ይህን ቃል በደጅ የተናገረ አፍ ከቤቱ ከገባ በኋላ ምን እንደሚናገር ቢደመጥ፥ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ይሰማል። እንጨቱ ረጥቧል ብሎ ይቈጣል፤ ወጡ ጨው በዝቶበታል ብሎ ያንጐራጕራል፤ ጣራው አፈሰሰ፥ ልጁ ብርጭቆ ሰበረ፥ ውሃው ተቋረጠ፥ መብራቱ ጠፋ እያለ ቀኑን ሁሉ ሲያማርር ይውላል። በደጅ የተመሰገነ አምላክ በጓዳ ይታማል። እንግዲህ የሰው ምስጋና እውነተኛ መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው በበዓል ቀንና በአደባባይ አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ፥ ነገር ሁሉ በተሰናከለበት ተራ ቀን ነው።

ታላቅ መከራ በመጣ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ አምላኩ ይጮኻል። በጽኑ በሽታ ጊዜ፥ በጦርነት ጊዜ፥ በራብ ዘመን ጸሎት ያልነበረው ሰው እንኳ ጸሎት ይጀምራል። ጥቃቅኑን ችግር ግን ለእግዚአብሔር ሊነግሩት የማይገባ ከንቱ ነገር ስለሚመስል፥ ሰው ብቻውን ይዞት ይቀመጥና በብስጭት ይቃጠላል። ገደሉን የሚፈራ መንገደኛ ገደሉን ተጠንቅቆ ያልፋል፤ እሾሁን ግን ስለሚንቀው ይወጋዋል። የብዙ ቤት ሰላም የጠፋው በታላቅ በደል አይደለም፤ በቀዘቀዘ ወጥ፥ በጠፋ ቍልፍ፥ ሳይዘጋ በቀረ በር ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የምትሆን አንዲት የከተማ ሴት ትታሰብ። ይህች ሴት ከገጠር የሚመጡትን የባልዋን ዘመዶች ለመቀበል የጤፍ ዱቄት አቡክታ፥ ሊጡ ሦስት ቀን ቆይቶ ኩፍ ካለ በኋላ፥ ማለዳ ተነሥታ የኤሌክትሪክ ምጣድዋን አጋለች። ምጣዱን በጐመን ዘር አስሳ አራት እንጀራ ጋገረች። የአምስተኛውን ሊጥ በምጣዱ ላይ አዙራ አክንባሎውን ስትከድን መብራት ጠፋ። አንድ ሰዓት ጠበቀች፤ አልመጣም። ሁለት ሰዓት ጠበቀች፤ አልመጣም። ሊጡ እየኰመጠጠ ሄደ፤ እንግዶቹም በመንገድ ነበሩ። ሴቲቱም ተናደደች፤ የቤት ሠራተኛዋን ያለ ጥፋትዋ ተቈጣች፤ ውሃ የጠየቃትን ልጅዋንም «ዞር በል ከፊቴ!» ብላ አባረረችው።

ከግድግዳዋ ማዶ አንዲት ያረጁ ጐረቤት ይኖሩ ነበር። እኒህ ሴት የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚገዙበት ገንዘብ ስላልነበራቸው፥ በሦስት ጕልቻ ላይ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል እያነደዱ ይጋግሩ ነበር። ጢሱም በነፋስ እየተነዳ ወደ ወጣቲቱ ግቢ ይገባና ታጥቦ የተሰጣውን ልብስ ጢስ ጢስ ያሰኘው ነበር። ስለዚህ ነገር ሁለት ጊዜ ክፉ ቃል ተለዋውጠው ነበርና፥ ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው የከንፈር ብቻ ሆኖ ነበር።

በዚያን ቀን ግን ሌላ መንገድ ስላልተገኘ፥ ወጣቲቱ ሊጡን በባልዲ ይዛ ወደ አሮጊቲቱ ደጅ ሄደች። «እትዬ፥ እንደምን ዋሉ? አፍሬ ነው የመጣሁት፤ መብራት ጠፋብኝ፥ እንግዶችም በመንገድ ናቸው» አለች። እርሳቸውም «ግቢ ልጄ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ዛሬ ጭራሮው ደርቆልኛል፤ ምጣዱም እንደ ጋለ ነው» ብለው አስገቧት። ወጣቲቱም ለመጋገር ተቀመጠች። አሮጊቲቱም አጠገብዋ ተቀምጠው ቅጠሉን በትንሽ በትንሹ ከእሳቱ ይጨምሩላት ነበር። ገና አምስት እንጀራ ሳታወጣ ዐይንዋ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ጕሮሮዋን ከረከራት፤ እንባዋም በጕንጭዋ ወረደ። ቀና ብላ ብታይ የአሮጊቲቱ ዐይን ከብዙ ዘመን ጀምሮ የቀላ፥ ሽፋሽፍታቸውም ያለቀ መሆኑን አየች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጢሱ በልብስዋ ላይ ያደረገውን ስትቈጥር፥ ጢሱ በእኒህ ሴት ዐይንና ደረት ላይ ምን እንዳደረገ አንድ ቀን እንኳ አለማሰብዋ ያን ጊዜ ገባት።

እንግዶቹም በሰዓታቸው ተቀበሏቸው፤ በሉም፥ ጠጡም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በሁለቱ ቤት መካከል አዲስ ሥርዐት ቆመ። መብራት በኖረ ቀን የአሮጊቲቱ ሊጥ በኤሌክትሪኩ ምጣድ ይጋገር ጀመር፤ መብራት በጠፋ ቀንም የወጣቲቱ ሊጥ በጕልቻው ላይ ይጋገር ጀመር። ጢሱም ከፊተኛው ይልቅ አነሰ።

ከዚህ ምሳሌ የሚገኘው ትምህርት እንዲህ ነው። ሴቲቱ መብራት በመጥፋቱ አመስግኚ ብትባል ኖሮ ቃሉ ስድብ በሆነባት ነበር፤ መብራት መጥፋቱ መልካም ነገር አይደለምና። ነገር ግን መብራቱ ሲጠፋ ሦስት ነገር ታየ። መጀመሪያ፥ ለካ እስከዚያን ቀን ድረስ መብራት ነበረ። ሁለተኛ፥ ለካ መብራት የሌላቸው ሰዎች በአጠገብ ነበሩ። ሦስተኛ፥ ለካ እግዚአብሔር ለዚያ ቀን ችግር መውጫውን ከግድግዳው ማዶ አዘጋጅቶት ነበር፤ እርስዋ ግን በዚያ ደጅ በቍጣ ታልፍ ነበር።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል ይባላል። የሰው ልብ የለመደውን ነገር ማየት ይተዋል። ውሃ ከቧንቧው ዘወትር የሚወርድለት ሰው ስለ ውሃ አያመሰግንም፤ ውሃ በፈረቃ የሚመጣለት ሰው ግን በሌሊት የቧንቧውን ድምፅ በሰማ ጊዜ ከአልጋው ዘሎ ይነሣል፤ በርሜሉንና ጀሪካኑን ሲሞላም ደስ ይለዋል። ውሃው ያው ውሃ ነው፤ የተለወጠው የተቀባዩ ዐይን ነው። ጣራ ያፈሰሰበት ሰው ጣራ አለው፤ ከሰማይም ዝናም ወርዷል፤ ዝናም ለመሬት ሲናፈቅ ለጣራ ብቻ እንዲቀር አይቻልም። ልጆች ቤቱን ያመሰቃቀሉበት ሰው ልጆች አሉት። የሚታጠብ ሳህን የተከመረበት ቤት ምግብ የተበላበት ቤት ነው። እንግዳ ሳይታሰብ የመጣበት ሰው እንግዳ የሚናፍቀው ሰው ነው፤ የማንም እግር የማይረግጠው ደጅ ሞልቷልና። ከብዙው የቤት ችግር በስተኋላ አንድ ስጦታ ቆሟል፤ ችግሩ የስጦታው ጥላ ነው። ጥላውን ብቻ የሚያይ ሰው ያዝናል፤ ቀና ብሎ ጥላውን የጣለውን ያየ ሰው ግን የሚያመሰግንበትን ያገኛል።

የእስራኤል ልጆች በምድረ በዳ መና በበሉ ጊዜ የሆነው ታሪክ ይህን ያስረዳል። መናው በየማለዳው ያለ ዋጋ ይወርድላቸው ነበር፤ እነርሱ ግን በለመዱት ጊዜ ሰለቹት፤ የግብጽን ዓሣና ሽንኵርትም እያሰቡ አለቀሱ። ሽንኵርቱን ሲያስቡ ጡቡንና የአስገባሪውን ጅራፍ ረሱት። የሚያጕረመርም ሰው ጠባይ ይህ ነው፤ ያለፈውን ቀን ሲያስብ መልካሙን ብቻ ይመርጣል፤ የዛሬውን ሲያይ ደግሞ ክፉውን ብቻ ይመርጣል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ይከስራል።

በሰራፕታ የነበረችው መበለት ግን ሌላ ናት። ነቢዩ ኤልያስ ባገኛት ጊዜ የመጨረሻዋን ቍራሽ የምትጋግርበትን ጥቂት እንጨት ትለቅም ነበር። በማድጋዋ ከአንድ እፍኝ ዱቄት፥ በማሰሮዋም ከጥቂት ዘይት በቀር አልነበራትም። ባለው ላይ እንግዳ መጣባት፤ እርስዋም አስቀድማ ለእንግዳው ጋገረች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዱቄቱ ከማድጋው፥ ዘይቱም ከማሰሮው አላለቀም። ነገር ግን አስተዋይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባዋል። ማድጋው አላለቀም ተባለ እንጂ ጐተራዋ ሞላ አልተባለም። መበለቲቱ በየማለዳው ወደ ማድጋዋ ስትሄድ የምታገኘው የዚያን ቀን ብቻ ነበር። እምነት ማለት የሞላ ጐተራን አይቶ መተማመን አይደለም፤ ትናንት የሰጠ ዛሬም አይረሳም ብሎ እጅን ወደ ማድጋው መስደድ ነው። ውሃ በየሦስት ቀኑ የሚመጣለት፥ ደመወዙም ለወር ጥቂት የሚጐድልበት የቤት አባወራ፥ ይህን የመበለቲቱን እምነት ከባለጠጋው ይልቅ ይረዳዋል።

በ17ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር ወንድም ሎራን የሚባል መነኵሴ ነበረ። የዓለም ስሙ ኒኮላ ኤርማን ነው፤ አስቀድሞ ወታደር ነበረ፤ በጦርነትም ቈስሏል። ከዚያም በአንድ ባለሥልጣን ቤት ሲያገለግል ዕቃ ሁሉ ከእጁ እየወደቀ የሚሰበርበት ሰው እንደ ነበረ ራሱ ተናግሯል። በ1640 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በፓሪስ ወዳለ የቀርሜሎሳውያን ገዳም በገባ ጊዜ በወጥ ቤት ሥራ ተመደበ። ይህም ሥራ በተፈጥሮው የሚጠላው ሥራ ነበረ። ነገር ግን ብዙ ዓመት በዚያ ቈየ፤ በድስት ጩኸትና በሚጣደፉ ሰዎች መካከል ሆኖ፥ በጸሎት ቤት ተንበርክኮ እንደሚያገኘው ሰላም ያለ ሰላም አገኘ። እስኪሞት ድረስ፥ ይኸውም እስከ 1691 ዓ.ም.፥ ታላቅ ሹመት አልተሾመም። ነገር ግን ከሞተ በኋላ ጥቂቶቹ ደብዳቤዎቹና ንግግሮቹ ተሰብስበው ታተሙና፥ በብዙ ቋንቋ ተተርጕመው እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ወጥ ቤቱ አልተለወጠለትም፤ እርሱ ግን በወጥ ቤቱ ተለወጠ።

ከዚህም የሚበልጥ አስደናቂ ታሪክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆኗል። በሆላንድ አገር በሃርለም ከተማ ቴን ቦም የሚባሉ የሰዓት ሠሪ ቤተ ሰቦች ነበሩ። ጀርመኖች የሚያሳድዷቸውን አይሁዶች በቤታቸው ስለ ሸሸጉ፥ በየካቲት ወር መጨረሻ በ1944 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ተያዙ። ሽማግሌው አባት በጥቂት ቀን ውስጥ በእስር ሞተ። ቤትሲና ኮሪ የሚባሉት ሁለቱ ልጆቹም ራቨንስብሩክ ወደሚባለው የሴቶች እስር ቤት ተወሰዱ። የታጐሩበት አዳራሽ የቆሸሸ ነበረ፤ ከሁሉም ይልቅ ቁንጫ የሞላበት ነበረ። ቤትሲ ግን በሁሉ አመስግኑ የሚለው ትእዛዝ ለዚያ ስፍራም የተሰጠ ነው ብላ ስለ ቁንጫው እንኳ አመሰገነች። ኮሪ ይህን መቀበል አቃታት፤ እኅትዋ የተሳሳተች መሰላት። ከጊዜ በኋላ ግን ጠባቂዎቹ ወደዚያ አዳራሽ የማይገቡት ቁንጫውን ፈርተው እንደ ሆነ ታወቀ። እስረኞቹም ያለ ከልካይ በዚያ ተሰብስበው ቅዱስ መጽሐፍ ሊያነቡ የቻሉት በቁንጫው ምክንያት ነበር። ቤትሲ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በእስር ሳለች ሞተች፤ ኮሪ ተፈታች፥ ይህንም ታሪክ በ1971 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍዋ ለዓለም ነገረች።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሰው በሁለት ወገን ሊስት ይችላል። አንዱ ስሕተት፥ እንግዲያውስ ቁንጫ መልካም ነው፥ እስር ቤትም መልካም ነው ማለት ነው። ይህ ውሸት ነው፤ ቤትሲ በዚያ ስፍራ ሞታለችና። ሁለተኛው ስሕተት፥ የችግር ሁሉ ምክንያቱ በመጨረሻ ይገለጣል ብሎ ተስፋ ማድረግ ነው። ይህም እውነት አይደለም፤ ብዙ ሰው የችግሩን ትርጕም ሳያውቅ ወደ መቃብሩ ይወርዳል። የቤትሲ ምስጋና ታላቅነቱ የቁንጫውን ጥቅም ከማወቅዋ በፊት በማመስገንዋ ነው። ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ የሚያመሰግን ሰው ዕዳውን የከፈለ ነጋዴ ይመስላል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚያመሰግን ሰው ግን አባቱን የሚያምን ልጅ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥበበኛ ሰው ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል። «ምስጋና ድኻውን ዝም ያሰኘዋል፤ የሚያፈሰውን ጣራ እንዳይከድን፥ የጐደለውን እንዳይጠይቅ ያሰንፈዋል» ሊል ይችላል። ይህ ተቃውሞ ከንቱ አይደለም፤ ሊመለስ ይገባዋል። በእውነት ጢስን የመሰለ ነገር ተራ የቤት ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በቤት ውስጥ ከሚነድ እንጨት፥ ከኩበት፥ ከከሰልና ይህን ከመሰለው ነገር በሚወጣ ጢስ ምክንያት በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ገምቷል። ይህን የሚያውቅ ሰው በጢስ ውስጥ የተቀመጠችን እናት «አመስግኚ» ብሎ ቢያልፍ፥ ምስጋናን አላስተማረም፤ ግፍን አስተማረ እንጂ።

እውነተኛ ምስጋና ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የተሰጠውን ስጦታ የወደደ ሰው ስጦታው እንዳይበላሽ ይጠነቀቃል። ስለ ጣራው ያመሰገነ ሰው ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮውን ይመረምራል፤ ስለ ጣራው የማያመሰግን ሰው ግን እስኪያፈስ ድረስ ቀና ብሎ አያየውም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ የአካባቢዋ ዛፍ እየተቈረጠ ማገዶ ባለቀ ጊዜ፥ ሕዝቡም መንግሥቱም ተቸግረው ነበር፤ ከተማውን ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወርም ታስቦ ነበር። ነገር ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለና፥ ፈጥኖ ስለሚያድግ የከተማዪቱ ሰው ማገዶም የቤት መሥሪያ እንጨትም አገኘ። ለብዙ ዘመንም ከእንጦጦ ተራራ ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው የወረዱ ሴቶች የከተማውን እንጀራ አስጋግረዋል። ችግሩን በምሬት ብቻ የተመለከተ ሰው ከተማውን ጥሎ ይሄድ ነበር፤ የተከለው ሰው ግን በችግሩ ውስጥ ተስፋ አየ። ዛሬም እሳቱን ዙሪያውን የሚከልል፥ ማገዶም የሚቈጥብ ምድጃ ለእናቱ የሚሠራ ወይም የሚገዛ ልጅ፥ ስለ እናቱ እንጀራ ያቀረበው ምስጋና ከቃል አልፎ ወደ እጁ ደርሷል።

ሌላም ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። ምስጋና ሰው ለራሱ የሚሸከመው ሸክም ነው፤ በሌላው ጫንቃ ላይ የሚጫን አይደለም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ከእርሱ ጋራ በምድር ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው ስለ መከራው ባስተማሩት ጊዜ ግን በደሉት። እንዲሁም በብዙ ቤት አንድ የተሰወረ በደል ይሠራል። አባወራው ከማዕዱ ፊት ተቀምጦ እጁን ታጥቦ ስለ ምግቡ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ምግቡን ለማድረስ ከሌሊት ጀምራ ውሃ የቀዳች፥ እሳት ያነደደች፥ ሽንኵርት የላጠች ሴት ግን ገና በወጥ ቤት ቆማ ናት። ወጡ ትንሽ ቢቀዘቅዝ ይቈጣታል፤ ከዚያም ተነሥቶ ስለ ትዕግሥትና ስለ ምስጋና ልጆቹን ይመክራል። ይህ ሰው ምቾቱን ምስጋና ብሎ ሰይሞታል፤ የምቾቱን ዋጋ ግን ሌላው ሰው ይከፍልለታል። የቤት ችግር ለአንዱ ጥቂት የሚመስለው አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ተሸክሞለት ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው «በቤቴ ችግር የለም» ብሎ ከማመስገኑ በፊት፥ ችግሩን ማን እንደ ተሸከመለት ይመርምር።

አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ማዕድ ከተነሣ በኋላ ሽማግሌው እግዚአብሔርን አመስግኖ ብቻ አይቀመጥም፤ ወደ ሠራችው ሴት ዘወር ብሎ «እጅሽ ይባረክ፤ እጅሽን ቍርጥማት አይንካው» ብሎ ይመርቃል። በዚህ ምርቃት ሁለቱ ምስጋናዎች ይገናኛሉ፤ የሰጠውም አምላክ ይመሰገናል፥ የደከመችውም እጅ ትታሰባለች። ይህን ምርቃት ከአፍ ወደ እጅ ማድረስ ደግሞ የልጆች ፋንታ ነው። ምርቃቱን የሰማ ልጅ ተነሥቶ ሳህኑን ቢያነሣ፥ ውሃውን ቢቀዳ፥ እንጨቱን ዝናም ሳያገኘው ወደ ውስጥ ቢያስገባ፥ «አሜን» ያለው በሥራው ነው። ይህም ለሴት ልጅ ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም፤ ወንድ ልጅም የበላበትን ሳህን ማንሣት ክብሩን አያጐድልበትም።

እንግዲህ በቤቱ ችግር የደረሰበት ሰው ከመቈጣቱ በፊት ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ። ከዚህ ችግር በስተኋላ የቆመው ስጦታ ምንድር ነው? ከእኔ ይልቅ ይህ ችግር የከበደበት ሰው ማን ነው? ዛሬ በእጄ ልሠራው የምችለውስ ምንድር ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ዐይኑን ወደ ፈጣሪው ያነሣለታል፤ ሁለተኛው ወደ ጐረቤቱ ይመልስለታል፤ ሦስተኛው እጁን ወደ ሥራ ይሰድለታል። ሦስቱን ሳይጠይቅ «ተመስገን» የሚል ሰው ቃሉ ከደጁ አይሻገርም። ሦስቱን ጠይቆ መልሱን ያላገኘ ሰው ቢኖር እንኳ፥ ዝም ብሎ በእምነት ቢጠብቅ አይነቀፍም፤ እንባ ያለበት ምስጋናም ምስጋና ነውና።

መብራት ይጠፋል፤ ውሃ ይቋረጣል፤ ጣራም ያፈሳል፤ ሰው በምድር ላይ ቤት ሠርቶ እስከ ኖረ ድረስ ይህ አይቀርም። ነገር ግን በጨለማው ቤት አንድ ሻማ ተለኵሶ ቤተ ሰቡ በዙሪያው በተሰበሰበ ጊዜ፥ በብርሃን ቀን እያንዳንዱ በየክፍሉ ተበታትኖ የማይተያየው ፊት ለፊት ይተያያል። ያን ጊዜ አንዱ ተረት ይጀምራል፤ ሌላው ይስቃል፤ ሕፃኑም በእናቱ ጕልበት ላይ ያንቀላፋል። ከመካከላቸውም አንዱ ተነሥቶ ከግድግዳው ማዶ ያሉት አሮጊት ሻማ እንዳላቸውና እንደሌላቸው ሊጠይቅ ቢወጣ፥ በዚያ ቤት ምስጋና ተፈጽሟል።